ከደሴ ወይስ ከኮምቦልቻ? ኮረኮንች ለሚወዱ ብስክሌተኞች የመንገድ መምረጫ

አስፋልቱን ለሲኖና ለሚኒባስ እንተውላቸው። ደሴ–ኮምቦልቻን በብስክሌት የሞከረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ከላይ የሚወርደው ከባድ መኪና የፍሬኑ ሽታ ቀድሞት ይመጣል። ከታች የሚወጣው ደግሞ ጥቁር ጭሱን ፊት ላይ ለቆ ያልፋል። ዶሮ መዝለያ አካባቢ ገደሉ ቅርብ ነው። ሁለት መኪና ከተላለፈ ለብስክሌት የሚተርፍ ቦታ የለም።

ደግነቱ ከሁለቱም ከተማ ትንሽ ወጣ ካሉ ነገሩ ሌላ ነው። ኮረኮንቹ፣ ጥርጊያው፣ ወንዝ ለወንዝ የሚሄደው የከብት መንገድ ሞልቷል። አልፎ አልፎ ባጃጅ ወይም እህል የጫነ አይሱዙ ይመጣ ይሆናል። አቧራው ከሩቅ ስለሚታይ ግን ጥግ ለመያዝ ጊዜ አለ። መኪና የለም ማለት ሰው የለም ማለት እንዳልሆነም ከአሁኑ ልንገራችሁ። የገጠር መንገድ ባለቤቶቹ እግረኛው፣ አህያውና በጎቹ ናቸው። እኛ እንግዶች ነን።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? ብዙ ሰው "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብሎ ይጀምራል። ወሎ ላይ ኪሎ ሜትር ብዙ አይነግራችሁም። 15 ኪሎ ሜትሩ ሜዳ ከሆነ ቁርስ ሳይወርድ ያልቃል፤ ዳገት ከሆነ ግማሽ ቀን ይበላል። "የትኛው ያምራል?" የሚሉም አሉ። ሁሉም ያምራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ዳገቱ ስንሄድ ነው ወይስ ስንመለስ?

መነሻ ከተማ መምረጥ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 650 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? ከደሴ ተነስታችሁ ወደ የትኛውም ሸለቆ ብትሄዱ መሄጃው በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጉልበታችሁ ሙሉ እያለ ብስክሌቱ ራሱ ይወስዳችኋል፤ ፔዳል መምታትም አያስፈልግም። ከሰዓት ደክሟችሁ፣ ውሃችሁ አልቆ፣ ፀሐይ ጀርባችሁን እየመታ ያንን ሁሉ መልሳችሁ ትወጡታላችሁ። ደሴ በቁልቁለት ትሸኛለች፣ በዳገት ትቀበላለች።

ኮምቦልቻ ተቃራኒ ነች። ዙሪያዋ ተራራ ስለሆነ ወደ ኮረብታው ከወጣችሁ ዳገቱን ጠዋት በቀዝቃዛው ትጨርሱታላችሁ። መመለሻው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ቢደክማችሁም፣ ጎማ ቢተነፍስባችሁም፣ ጓደኛችሁ "በቃኝ" ቢልም ቁልቁል ወደ ቤት ትንከባለላላችሁ። ስለዚህ ለጀማሪ፣ ወይም ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ብስክሌቱን አራግፎ ለሚያወጣ ሰው ኮምቦልቻን እመክራለሁ። ጉልበቱን የሚያውቅ ሰው ደሴ ይነሳ።

አየሩም ይለያል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በኮምቦልቻ ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ልዩነቱ ላይታወቀው ይችላል። ከሰመራ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል "ምን ነካኝ?" ማለቱ አይቀርም። ሁለት ቀን ታግሶ ቢጀምር ይሻለዋል። ሙቀቱም በተመሳሳይ ሰዓት በሁለቱ ከተሞች መካከል በአራት ዲግሪ ገደማ ይለያያል። ደሴ ጃኬት አድርጎ የተነሳ ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስረዋል።

ሦስተኛ ዘዴ አለ፣ ብልጦች የሚወዱት። ከደሴ በገጠሩ መንገድ ወርዶ፣ ሲመለሱ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ መጫን። ማንም አይስቅባችሁም። ክፍያውን ግን ከመጫን በፊት ተነጋገሩ። ረዳቱ ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላው ላይ ካሰረው በኋላ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው።

ገራዶና ቦርከና

ሁለቱም የወንዝ ሸለቆ ናቸው። ሁለቱም ለመንዳት ደስ ይላሉ። ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉበት ነገር የለም።

ገራዶ ከጦሳ ጀርባ ነው። ከደሴ የተራራውን ትከሻ ተሻግሮ መውረድ ነው። ሸንተረሩ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ሁለቱንም ወገን እዩ። ከኋላችሁ ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ከፊታችሁ የዘነበው በገራዶ በኩል ወደ በሽሎ ወርዶ ዓባይ ውስጥ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል። አንድ ሸንተረር ላይ የወደቀ ዝናብ እንዲህ ይለያያል። እኔ እዚያ ጋ ውሃ ሳልጠጣ አላልፍም፤ ለነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ለመጠጣት እጅ አያስለቅቅም።

ቁልቁለቱ ነው የገራዶ ዋናው ጉዳይ። ፍሬናችሁን ከቤት ሳትወጡ ዓይታችሁ ውጡ። የፍሬኑ ጎማ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ከጠፉ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ጎማውን ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩት ደግሞ ውስጡ የተሰኩ ጥቃቅን ጠጠሮችና የብረት ፍቅፋቂዎች ታገኛላችሁ። በቢላ ጫፍ ልቀሙ። ካልለቀማችኋቸው ቸርኬውን ቀስ እያሉ ይበሉታል፣ ያ የሚያስጠላ የመፋቅ ድምፅም የሚመጣው ከእነሱ ነው። ቸርኬውን ቆንጥጦ በሚያቆም ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ሳትለቁ ይዛችሁ አትውረዱ። ቸርኬው ይግላል፤ በጣም ከጋለ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ቀጥ ባለው ላይ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ጥምዙ ላይ መልቀቅ ነው ዘዴው። ጥምዙ ውስጥ ገብታችሁ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ ጠጠሩ ጎማውን ይዞት ይሄዳል። ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ ጣሉ። በየመሐሉም ቆማችሁ ሁለቱንም ቸርኬ አሳርፉ። ባለ ዲስክ ብስክሌት ያለው እድለኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ዲስኩን በጣቱ እንዳይነካ።

ታች ከደረሳችሁ ገራዶ ይክሳችኋል። ሸለቆው ውስጥ መንገዱ ይለሰልሳል፣ እርሻው ዙሪያችሁን ይከባል፣ ወንዙ አጠገባችሁ ነው። ሙቀቱ ልከኛ ነው። የገራዶ ወዳጆች ሜዳው ላይ እስኪጠግቡ ነድተው ነው ስለ መመለሻው የሚያስቡት። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ አይቶ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። የሚገፋውን ገፍቶ፣ የሚነዳውን ነድቶ መውጣት ነው። ብስክሌት መግፋት ነውር አይደለም። መንገድ ላይ የምታገኟቸው ልጆች "በርታ! በርታ!" እያሉ ከኋላ ሊገፉላችሁ ይመጣሉ፤ አመስግናችሁ አስቁሟቸው፣ እጃቸው ጎማው ውስጥ እንዳይገባ።

ቦርከና ሌላ ዓለም ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ጨፋ ሸለቆው እየሰፋ፣ እየሞቀ፣ እየተዘረጋ ይሄዳል። ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ የአዲስ አበባው አስፋልትም በዚያው ሸለቆ ማለፉ ነው። ስለዚህ አስፋልቱን ለቅቃችሁ የእርሻና የከብት መንገዶቹን ያዙ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን መንገዱ በሁለት ግድግዳ መሐል የሚሄድ ይመስላል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ይገለጣል። በበጋ ከአፋርና ከአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ወደ ጨፋ ረግረግ ለግጦሽ ይወርዳል። ግመል ብስክሌት አይወድም። ከሩቅ ካያችሁ ውረዱ፣ ብስክሌቱን ይዛችሁ ጥግ ቁሙ፣ ባለቤቱን ሰላም በሉ፣ ሲያልፍ ቀጥሉ። ወደ ከሚሴ እየቀረባችሁ ስትሄዱ "አካም ጅርቱ?" ማለት ከቻላችሁ ፊቱ ሁሉ ይፈታል።

የቦርከና ጠላቱ እሾህ ነው። ግራር ባለበት ሁሉ መሬቱ ላይ የደረቀ እሾህ አለ። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ሳትይዙ አትግቡ። ሲተነፍስ ብዙ ሰው ካላማዳሪያውን ቀይሮ ይነፋና ከመቶ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍስበታል። ምክንያቱ እሾሁ ጎማው ውስጥ እንደተሰካ መቅረቱ ነው። ከውጭ አይታይም፣ ተሰብሮ ከጎማው ጋር እኩል ሆኗል። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረጉት። ክሩ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በጣት መፈለግ ደም ነው ትርፉ።

ውሃውን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ቦርከና ከደሴ ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ፊት ለመታጠብም አልመክርም። ጫማ አውልቆ መግባትም ይቅርባችሁ፤ በዚህ ሸለቆም ሆነ በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባም አለ። አመሻሽ ላይ እጀ ረጅም ልበሱ፣ ካደራችሁ በአጎበር ተኙ። የምትጠጡትን ከቤት ያዙ፤ በሞቃቱ ወር ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ብዙ አይደለም። ባዶውን ሃይላንድ አትጣሉት፣ የሚፈልገው ልጅ መንገድ ላይ አለ።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ጉልበት ካላችሁ፣ ፍሬናችሁን ካመናችሁ፣ ሙቀት ካስጠላችሁ ገራዶ። ረጅም ርቀት ሳትደክሙ መንዳት ከፈለጋችሁ፣ ወይም ከእናንተ ጋር የሚመጣው ሰው ዳገት ሲያይ የሚያኮርፍ ከሆነ ቦርከና። እኔን ከጠየቃችሁኝ ገራዶ ነው። ቦርከናን የምወደው በኅዳር ብቻ ነው።

ሐይቅና አርዲቦ

እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድበት ቦታ ይህ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ወደ ወልድያ የሚሄደው ዋናው አስፋልት ስለሆነ መኪና ይበዛበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሚኒባሱ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው እላለሁ። ብስክሌቱ ሲጫን ፔዳሎቹን ፍቱ፣ መሪውን ወደ ጎን አዙሩ። የግራው ፔዳል እንደ ቀኙ አይፈታም፤ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚላላው። ይህን ሳያውቁ በቁልፍ የታገሉ ሰዎች ጥርሱን በልተው ብየዳ ቤት ሄደዋል። ብስክሌቱ የማርሽ ወገኑ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከሥሩ የሰው ሻንጣ አይግባ።

ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፣ መውጫ ወንዝም የለውም። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ሐይቅ አርዲቦ ነው፤ ውሃው በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ለብስክሌተኛ ደስ የሚለው ይኸው ነው። ከሐይቅ ተነስቶ ወደ አርዲቦ ዳገቱን ጠዋት መውጣት፣ ከላይኛው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ቆሎ መብላት፣ ከዚያ ቁልቁል መመለስ። የኮምቦልቻው ጥቅም እዚህም ይሠራል። ቀኑም በዓሣ ጥብስ ይዘጋል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዱሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን ግን ከየብስ የተያያዘ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሩት፣ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ሆኖ የኖረ ገዳም ነው። ሴቶች ግን አይገቡም። በቡድን ከሄዳችሁ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት፤ ግማሹ ሰው በር ላይ ቆሞ ግማሹ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሲቆይ ቀኑ ይበላሻል። ቁምጣ ለብሳችሁ ከሆነ ወንዶችም ብትሆኑ ነጠላ ወይም ረጅም ሱሪ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ከገራዶና ከቦርከና ጋር ሲወዳደር ሐይቅ–አርዲቦ መሐል ላይ ነው። ዳገት አለው፣ ግን አይገድልም። ይሞቃል፣ ግን እንደ ጨፋ አይደለም። የሚጎድለው ብቸኝነት ነው። በእረፍት ቀን ሐይቁ ዳር ሰርግ፣ ሙዚቃና ፎቶ አንሺ ይሞላዋል። ከኮረኮንቹ የምትፈልጉት ዝምታ ከሆነ በሥራ ቀን ሂዱ።

ቦሩ ሜዳ

ስለ ቦሩ ሜዳ ብዙ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ከደሴ ሰሜን ምዕራብ፣ በኩታበር አቅጣጫ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤውን ያደረጉበት ሜዳ ይህ ነው። ከደሴ ሳይወርዱ ሜዳ መንዳት ለሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ይኸው ነው። ገብስና ባቄላ፣ ነፋስና ቅዝቃዜ። ለሁለት ሰዓት እግር ማፍታቻ ጥሩ ነው፣ ልጅ ለማስተማርም። ከዚያ በላይ ብርድ የሚፈልግ በወረኢሉ መንገድ ወደ ጉጉፍቱ ይውጣ፣ ጓንት ግን አይርሳ።

ብስክሌቱ

በውጭ አገር ለኮረኮንች ተብሎ የሚሠራ ብስክሌት አለ። ቅርጹና መሪው እንደ ኮርሳ (እንደ ውድድር ብስክሌት)፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ ነው። እኛ ጋ ሱቅ ገብቶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ በኮርሳና በማውንቴን መካከል ነው፣ መልሱም ማውንቴን ነው። ያገለገለ፣ ብረቱ ጠንካራ፣ የፊት ሹካው ሞላ የሌለው፣ የማይዘል። ርካሹ የሚዘል ሹካ ክብደት ይጨምራል እንጂ አያሳርፍም፤ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ይጠጣል። የብረት ብስክሌት ቢሰበር ሐርቡም ቢሆን ብየዳ ቤት አይጠፋም። አልሙኒየም ከሆነ የሚበይደው ሰው ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

ኮርሳ ለምን አይሆንም? ጎማው ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማርሹ ነው። በተለመደው አሮጌ ኮርሳ ከፊት ትንሹ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነው እንበል። ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ ጎማው ከአንድ ተኩል ዙር በላይ ይዞራል፣ ከሦስት ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። በደቂቃ 60 ጊዜ ካዞራችሁ ፍጥነታችሁ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሊሆን ነው። የገራዶን ዳገት በ12 የሚወጣ ሰው ይህን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም። ማውንቴን ላይ ግን ከፊት 28፣ ከኋላ 28 ብታደርጉ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ባለ 26 ጎማ ሁለት ሜትር ከምናምን ይሄዳል። በዚያው 60 ዙር በሰዓት ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። ያ የሰው ፍጥነት ነው። ብስክሌት ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ጥርሱን ቁጠሩ፤ ከኋላ ያለው ትልቁ ከፊቱ ትንሹ ጋር እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

ጎማው ሁለት ኢንች ስፋት ካለው ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ለ70 ኪሎ ሰው ይበቃል። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ "ጢም አድርግልኝ" አትበሉ። በጣም የተነፋ ጎማ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ጥምዝ ላይ አይዝም። ደግሞም የመኪናው ኮምፕሬሰር የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ሞልቶ ሊያፈነዳ ስለሚችል ትንሽ ትንሽ እያለ ይንፋ።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ የካላማዳሪያውን አፍ። ወፍራሙ እንደ መኪና ያለው ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ከሆነ ያለ አዳፕተር አይሆንም። ወንድማችን ጎሚስታ አገላብጦ ያየውና "ይሄ የኛ አይደለም" ብሎ ይመልስላችኋል። አዳፕተሯ የጥፍር ያህል ነች። ቁልፍ መያዣችሁ ላይ አንጠልጥሏት።

መቼ

ክረምት ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ዋልካው መሬት ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ሹካው ውስጥ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ብስክሌቱ ነው የሚጋልባችሁ። ቦሩ ሜዳ በዚህ ወቅት ጨርሶ አይሞከርም። ጨፋም ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ያምራል፣ ሜዳው አደይ ብቻ ነው፣ ግን ጭቃው ገና አልጠገገም። ምርጡ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። መሬቱ ደርቆ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ወንዙም ጎድሏል። አጨዳ ስለሆነ ግን መንገዱ ላይ ነዶ የተሸከመ ሰውና በሬ ይበዛል፣ አንዳንድ ቦታ መንገዱ ራሱ አውድማ ይሆናል። ታኅሣሥና ጥር ደጋው ላይ ጠዋት ውርጭ አለ፤ ቦርከና ግን ያኔ ደህና ነው። ከየካቲት በኋላ ወሎ በልግ ስላለው ጠዋት ሰማዩን ሳታዩ አትውጡ።

የገበያ ቀንም ወቅት ነው። ባቲ ሰኞ ይገበያል፣ በዚያ አቅጣጫ ያሉ መንገዶች ጠዋት ወደ ገበያ፣ ከሰዓት ከገበያ በሰውና በአህያ ይሞላሉ። በዚያ ቀን ሌላ አቅጣጫ ምረጡ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች አልፏል። ከመንገድ ወጣ ባለ ቦታ፣ በቦይና በጉድጓድ ውስጥ የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አትርገጡ። የፀጥታው ሁኔታም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። በምትሄዱበት ቀበሌ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ ዋዜማውን ደውሉ፤ ከሌለ ሚኒባስ ተራ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ። እሱ "ዛሬ አልሄድም" ካለ እናንተም አትሂዱ።

መንገድ መጠየቅ

ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የገጠሩን መንገድ ግማሹን አያውቀውም፤ የሚያውቀውንም ግማሹን ጎርፍ ወስዶታል። ሰው መጠየቅ ግድ ነው። አጠያየቁ ግን አለው። "ቅርብ ነው?" ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ "ቅርብ ነው" ነው። "ዳገት አለው?" ካላችሁ "የለውም፣ ትንሽ ነች" ይባላል። ውሸት አይደለም፤ በየቀኑ የሚወጣው ሰው ዳገቱን አያየውም።

"ጤና ይስጥልኝ አባባ። በዚህ ወንዙ ይሻገራል?"

"ምን ችግር አለው ልጄ፣ ይሻገራል።"

"በብስክሌት?"

"እሷንማ ትሸከማታለህ።"

ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ "አህያ ጭኖ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" የተጫነ አህያ ፍጥነት ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያጋንንበትም። በሜዳ ከሆነ የተባለውን ሰዓት ለሁለት አካፍሉ። በዳገት ከሆነ እንዳለ ውሰዱት፤ የተጫነ አህያና የደከመ ብስክሌተኛ እኩል ነው የሚወጡት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመሻልና ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲል መመለሻው ዳገት ሥር ካልደረሳችሁ ከአቅራቢያው አስፋልት ሚኒባስ ያዙ።